ስላሽን በቃሏ የያዘችው ሯጭ

በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ከሁለት ቃላት የትኛውን እንደምትመርጡ ግራ ገብቷችሁ፣ ሁለቱንም ጽፋችሁ መሃላቸው አንዲት ያዘመመች ጭረት ጣል አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ ስላሽ የምንላት ይቺ ጭረት ከደመወዜ ቀጥሎ የምወዳት ነገር ነበረች። እንዲያውም ከደመወዜ ትሻላለች፤ ቶሎ አታልቅም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስረዳ። በአማርኛ የስላሽ ዋና ሥራ ማሳጠር ነው። ት/ቤት ብለን ጽፈን ትምህርት ቤት ብለን እናነባለን፤ “ት ስላሽ ቤት አረፈድኩ” የሚል ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም። በእንግሊዝኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ “ወይም” ማለት ናት። ጸሐፊው ሁለት ነገር ያቀርባል፣ አንባቢው የሚስማማውን ያነሳል። ይህን ቡራዩ ለማስተምራቸው ልጆች በምሳሌ፣ በሥዕልና በእጅ እንቅስቃሴ ጭምር አስረድቻለሁ። ሱሉልታ ላይ ግን ረሳሁት።

ሱሉልታ የሚኖር፣ ሯጮች የሚያሠለጥን የአክስት ልጅ አለኝ። አንድ ቅዳሜ ልጠይቀው ስሄድ ገና ሳልቀመጥ ያዘኝ።

“ቲቸር፣ ከልጆቼ አንዷን የውጭ ማናጀር ሊያነጋግራት ነው። ሩጫዋን ወዶታል። የቀረው እንግሊዝኛዋ ነው።”

“ለሩጫ እንግሊዝኛ ምን ያደርጋል?”

“ባለፈው የወሰዳት ልጅ ኤርፖርት ውስጥ ጠፍታ፣ ውድድሩ ካለቀ በኋላ ነው የተገኘችው። አሁን ብቻዋን ተናግራ መንገዷን የምታገኝ ካልሆነች አልወስድም ብሏል። አስተርጓሚም አልቀበልም ብሏል።”

ሯጯ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ኦሮምኛዋ እንደ እግሯ የሚፈጥን ልጅ ናት። “አካም ጂርታ፣ ቲቸር!” ብላ ሰላም እያለችኝ ከነላቧ መጣች። ይህ ዕድል ካመለጣት አባቷ ወደ እርሻው እንደሚመልሷት እየሳቀች ነገረችኝ። ሳቁ ግን ዓይኗ ጋ አልደረሰም።

ትምህርቱን ስንጀምር ጓደኞቿም እንማር ብለው መጡ። ሰሌዳችን የዕቃ ቤቱ በር ነበር፣ ጠመኔውም ከቡራዩ በኪሴ ያመጣሁት ቁራጭ። ለእያንዳንዷ የተለየ መልስ ከምጽፍ፣ በየጥያቄው ለሁሉም የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ያገባችም ያላገባችም እንድትጠቀምበት “አይ አም ማሪድ/ሲንግል” አልኩ፤ ጭረቷ ምን ትባላለች ሲሉኝ “ስላሽ” ብያቸው ወደሚቀጥለው አለፍኩ። በጣም ሥርዓት ያለው፣ ቆጣቢ አሠራር መሰለኝ። “በቃላችሁ ያዙት!” ብዬ ታክሲ ሳያመልጠኝ ወጣሁ።

በእኛ አገር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ እንደሚሸመደድ የማያውቅ መምህር ካለ እኔ ነኝ ማለት ነው። እኔ ራሴ በልጅነቴ የገጽ ቁጥር ሳይቀር ሸምድጃለሁ።

የቃለ መጠይቁ ቀን፣ ጠዋት ልምምድ እንዳለቀ፣ አስፋልቱ ዳር ያለች ካፌ ተገናኘን። ማናጀሩና እሷ አንድ ጠረጴዛ፣ እኔና የአክስቴ ልጅ ከጎናቸው ተቀመጥን።

“አፍህን ብትከፍት አላውቅህም” አለኝ የአክስቴ ልጅ።

ማናጀሩ ስሟን ጠየቃት፤ መለሰች። አግብታ እንደሆነ ጠየቃት። ቀጥ ብላ፣ አገጯን ከፍ አድርጋ፣

“አይ አም ማሪድ ስላሽ ሲንግል” አለች።

ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ።

“ምን አለች?” የአክስቴ ልጅ አንሾካሾከ።

“አግብቻለሁ፣ አላገባሁም አለች።”

“ሁለቱንም?”

“ሁለቱንም።”

“ማነው እንዲህ ያስተማራት?” አለና ፊቴን ሲያይ መልሱን አገኘው።

ስለ ርቀቷ ሲጠይቃት “ፋይቭ ስላሽ ቴን” አለች። አምስትም አሥርም ኪሎ ሜትር ስለምትሮጥ ይህቺ አለፈች። ቀጥሎ ኤርፖርት ውስጥ መንገድ ቢጠፋት ምን እንደምታደርግ ጠየቃት።

“አይ ዊል አስክ ኤ ፖሊስማን ስላሽ ኤ ፖሊስውማን።”

ማናጀሩ ራሱን መቆጣጠር አቃተው፤ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ማኪያቶዬን አየሁ። ያኔ በሩ ላይ ያልጻፍኩት ነገር ከአፏ ወጣ።

“ዩ ላፍ። ዋይ?”

ለምን ትስቃለህ ማለቷ ነው። ሰውየው ሳቁን ዋጠ። ይቅርታ ጠይቆ፣ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ጭረቷን ስሎ፣ ትጻፋለች እንጂ እንዲህ አትነበብም፣ አንዱን ምረጪ ማለት ናት ብሎ በዝግታ አስረዳት። የእኔን ትምህርት በእኔ ፊት፣ ከእኔ አሳጥሮ!

“ቲቸር!” አለችኝ በአማርኛ፣ “አንዱን ምረጪ ማለት አቅቶህ ነው?”

መናገር ስለተከለከልኩ እጄን አወጣሁ።

“ቁጭ በል” አለችኝና ወደ ማናጀሩ ዞረች። “ሲንግል። ኖ ሃዝባንድ። ኤርፖርት፣ አይ አስክ። ማን፣ ውመን፣ ኤኒ! አይ አስክ፣ አስክ፣ አስክ።”

ማናጀሩ ወደ አሠልጣኟ ዞሮ፣ “ፊቴ ላይ ለምን ትስቃለህ ያለችኝ ልጅ የትም አትጠፋም፣ እወስዳታለሁ” አለው። የአክስቴ ልጅ አቀፋት። እኔንም ሊያቅፈኝ ጀምሮ፣ መሃል ላይ ሐሳቡን ቀየረ።

እሷ ካፌው በር ላይ ሲጠብቋት ከነበሩት ጓደኞቿ ጋር እየጨፈረች ስትሄድ፣ “ደህና ሁን ስላሽ ደህና ዋል!” ብላ ጮኸችልኝ። ካፌው በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ጮክ ተብሎ የሚነገር ነገር ውስጥ ስላሽ አልጽፍም፤ ተማሪዎቼንም አንዷን ቃል መርጠው ሌላዋን እንዲሰርዙ አደርጋለሁ።

እናንተም ሞክሩት። በእንግሊዝኛ ከጻፋችሁት ውስጥ ስላሽ ያለበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጉና አጠገባችሁ ላለ ሰው ስላሿን ሳትዘሉ አንብቡለት። ከሳቀ፣ ለምን እንደሳቀ ጠይቁት።