ኮልፌ ላይ የታሰሩት አህዮች

በጣሊያን ጊዜ ኮልፌ ላይ ካርታ ማንበብ የሚችል ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላም ነበር የሚል ካለ መጥቶ ይከራከረኝ። የአማርኛውን ፊደል ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ በጆሮዬ፣ የጣሊያኑን ደግሞ ከቤንዚን በርሜልና ከማካሮኒ ካርቶን ላይ በዓይኔ ለቅሜ ነው የተማርኩት። አስተማሪ ስላልነበረኝ የማመሰግነውም ሰው የለኝም።

ሥራዬ አህያ መንዳት ነበር። በስድስት አህዮች ከምዕራብ በኩል ጤፍ በስልቻ ጭኜ መጥቼ ኮልፌ ሜዳ ላይ አራግፋለሁ፤ የከተማው ነጋዴ እዚያው ድረስ መጥቶ ይረከበኛል። ሜዳው ደረቅ ነው፣ ውኃ ቅርቡ ነው። ማን እንደመረጠው አይታወቅም፤ የመረጠው ሰው ግን ካርታ አልነበረውም።

አንድ ቀን ካርታ ያለው መሐንዲስ መጣ። ከተማውን ሊያስተካክል ነው ተባለ። ወረቀቱ ላይ ሰው በየዘሩ፣ ጭነት በየዓይነቱ ተለይቶ ተመድቧል። ሜዳችን የካሚዮን ማቆሚያ ሆነና በሽቦ ታጠረ። አዲሱ መንገድም ለካሚዮን ብቻ ተባለ። አህያ ከወንዙ ማዶ ታራግፍ ተብሎ ተወሰነ። የወንዙ ማዶ መረሬ፣ ጥቁር ጭቃ ነው፤ በበጋ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ክረምት ሲገባ ወፍ እንኳ አስባበት ነው የምታርፈው። መሐንዲሱ የመጣው በበጋ ነበር።

ዝም ማለት አልወድም። ቀርቤ በአስተርጓሚው በኩል «ይህ ቦታ በክረምት ከብት ይውጣል» አልኩት። መሐንዲሱ ካርታውን አገላብጦ አየና መለሰ።

«ምን አለ?» አልኩት አስተርጓሚውን።

«ካርታው ላይ ደረቅ ነው አለ።»

የነጂዎቹ አለቃ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ነበሩ። «አንተ የማካሮኒ ደብተራ!» አሉኝ ሰው እያሳቁብኝ። «ካርታ ማንበብህ ምን ጠቀመን?»

«ቢያንስ የት እንደምንሰጥም አውቀናል፣ ጋሼ።»

አጥሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። አስተርጓሚው «በመንገዱ ላይ የተገኘች አህያ ትወረሳለች!» እያለ ለፈፈ። ሙሉውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ጥፋት እስከ ማታ ታስራ ትለቀቃለች፤ የምትወረሰው በሁለተኛው ነው።

ክረምቱ ገባ። መሪዋ አህያዬ ከነጭነቷ እስከ ሆዷ ሰመጠች። ስድስት ሰው በገመድ ጎትተን አወጣናት። እሷ ካልቀደመች አምስቱ እርምጃ አይራመዱም፤ እሷን ካጣሁ እንጀራዬን አጣሁ ማለት ነው። በማግስቱ መገንጠያው ላይ ቆሜ አሰብኩ። ረግረጉ ይገድላታል፤ መንገዱ ቢያንስ መጀመሪያ ያስራታል። ወደ መንገዱ ነዳኋት።

ዘበኞች ወዲያው ያዙን። ታዲያ የት ይሰሩን? ካርታው ላይ ለታሰረ አህያ የተመደበ ቦታ አልነበረም። ወረቀት ተገላበጠ፣ ተጯጯኹ። በመጨረሻ አጥር ያለው ግቢ አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እሱም የካሚዮኑ ማቆሚያ፣ የራሳችን ሜዳ! በጠመንጃ ታጅበን ገባን።

«ጌታዬ፣ ከነጭነታቸው ይታሰሩ?» አልኩት ዘበኛውን።

«አራግፍ እንጂ! እኔ ልሸከምልህ?»

አራገፍኩ። ነጋዴው በሽቦው በኩል ተረከበኝ። ጣሊያኑ ጸሐፊ መዝገቡ ላይ «ስድስት አህያ፣ ግራጫ» ብሎ ሲጽፍ እኔ ከፊቱ ቆሜ ገልብጬ አነበብኩ። ለባለቤት ስም የተተወ መስመር አልነበረም፤ ስለዚህ ነገም ብንያዝ መጀመሪያችን ነው። ማታ ተለቀቅን። ወጥቼ ለነጂዎቹ ሁሉ ነገርኳቸው፤ በማግስቱ ኮልፌ ውስጥ መታሰር የማይፈልግ አህያ ነጂ አልተገኘም። ጸሐፊው ግራጫ፣ ግራጫ፣ ግራጫ ሲጽፍ ይውላል። እስረኛ በአጀብ ስለሚሄድ ካሚዮኖቹ ከኋላችን ጡሩንባ እየነፉ በአህያ እርምጃ ይከተሉናል።

ክረምቱ ሊጋመስ ሲል ጸሐፊው መሪዋ ላይ አፈጠጠ። የግራ ጆሮዋ የተቀደደ ነበር።

«ይህችን አይቻታለሁ» አለ በሚሞካክራት አማርኛ።

«እህቷን ይሆናል፣ ጌታዬ።»

«እህቷም ጆሮ የላትም?»

«አብረው ነው ያደጉት፤ አንድ አጥር ነው የቀደዳቸው።»

አላመነኝም። መሐንዲሱ ተጠራ፤ ገመዷን ከእጄ ወሰደ። መዝገቡን አየ፣ ጆሮዋን አየ፣ ቀና ብሎ የካሚዮኑን ሰልፍ አየ። እኔ ደፋር ነኝ፤ ቢሆንም ወደ በሩ በኩል ፈቀቅ አልኩ። የእሷ ሁለተኛ ጥፋቷ ነው ካለ የሁሉም ሁለተኛ ጥፋታቸው ነው። ሁሉንም ከወረሰ ከተማው ጤፍ ያጣል፤ እሱም ያን ሁሉ አህያ ሲቀልብ ሊከርም ነው። ካርታዬ ተሳስቷል እንዳይል ደግሞ መሐንዲስ ነው።

ካርታውንና እርሳሱን አወጣ። በሜዳችን እኩሌታ ላይ አራት ማዕዘን ሣለና አንድ ነገር ጻፈበት። ከአዲሱ መንገድ ጎን ለጎን ወደዚያ የሚያስገባ ቀጭን መስመርም አሰመረ። ከዚያ የመሪዋን ገመድ ወርውሮልኝ ሄደ። አስተርጓሚው መነጽሩን እስኪፈልግ ጽሑፉን አንብቤ ጨርሼ ነበር፤ «የጥፋተኛ እንስሳት ማቆያ» ይላል።

ሽማግሌው ተጠግተው «ምን አለ ደግሞ?» አሉኝ።

«ጥፋተኞች ናችሁ ብሎ ሜዳውን መለሰልን፣ ጋሼ።»

«ተመስገን!» አሉና ስልቻ ያዙልኝ። «በል ወንጀለኞችህን አራግፍ፤ ነጋዴው ቆሟል።»