ከሰርጉ በኋላ የምትመጣው ዳክዬ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የእህቴ የአሪየት ልጅ ኦባንግ፣ ከአዲስ አበባ ያመጣውን ፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ የእናት አባቱን ሰርግ ከፈተልን። አሮጌውን የቪዲዮ ካሴት እዚያ አንድ ሱቅ ወስዶ አስገልብጦት ነው፤ አባቱ ኦኬሎ ካረፈ ወዲህ እናቱን ደስ የሚያሰኝ ነገር ሲፈልግ የከረመ ልጅ ነው። ምስሉ ጠርቷል፣ የመዘምራኑ ልብስ ቀለሙ ተመልሶለታል። እኔ ግን ሰርጉን አልነበረም የምጠብቀው። የሙሽሮቹ መኪና አቧራውን አስነስቶ ሲሄድ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አልኩ፤ ስክሪኑ ጨለመና በዚያው ቀረ። ዳክዬዋ የለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ቪዲዮ አንሺው ሰርጉን የሚገለብጥበት ባዶ ካሴት በጋምቤላ ቢፈለግ ጠፋና፣ ፑኝዶ የስደተኞች ካምፕ ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ለኦኬሎ የሰጠው የካርቱን ካሴት ተሠዋ። ሰርጉ ካርቱኑ ላይ ተቀዳበት፤ ደግነቱ ካሴቱን አልጨረሰውም። መዝሙሩ፣ ምርቃቱና ግብዣው ካለቀ በኋላ ቴሌቪዥኑ ትንሽ ይንጫጫና፣ ባርኔጣ ያደረገች ዳክዬ ከደጃፏ በረዶ ስትጠርግ ብቅ ትላለች።

እኔ ለትምህርት ብዬ እነሱ ዘንድ እኖር ስለነበር፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ልመናውን የሚያቀርበው በእኔ በኩል ነው። ሁሉም ሰርጉን አሳዩን ይላል እንጂ የዳክዬዋን ስም የሚያነሳ የለም፤ አሪየትም ሰርጓ ይህን ያህል በመወደዱ እየተደሰተች የቪዲዮ ዴኩን ትከፍትልናለች። ወደፊት ማስሮጥ ክልክል ነበር። አንድ ቀን ቁልፉን ስነካ ያዘችኝና፣ "ፓስተሩን በዚያ ዕድሜው ልታስሮጪው ነው?" አለችኝ። ስለዚህ ሙቀቱን ሽሽት ሲሚንቶው ላይ በደረታችን ተኝተን፣ መብራት እንዳይጠፋ በልባችን እየጸለይን፣ ሰርጉን ከነምርቃቱ እንታደም ነበር። የትኛዋ አክስት ሥጋ እንደምትደግም፣ የማን አጎት ቬሎውን እንደሚረግጥ በቃላችን ነው። አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፣ እኔ ግን አካሄዳቸው እንኳ አይጠፋኝም።

ኦኬሎ የሂሳብ አስተማሪ ነበር፤ ገና ከሩቅ ስናየው ሸሚዛችንን ሱሪያችን ውስጥ የምንከት ዓይነት አስተማሪ። በሰርጉ ላይ እንኳ ፈተና እንደሚጠብቅ ሰው ተገትሮ ነው የሚታየው። ሰርጉን ስናይ እሱ ጓዳ ሆኖ ደብተር ያርማል። ያ መንጫጫት ሲሰማ ግን እስክሪብቶውን ጥሎ ይመጣና መካከላችን መሬት ላይ ዘፍ ይላል። ዳክዬዋ ጠርጋ ጠርጋ ላቧን ልታብስ ቀና ስትል፣ ከጣሪያው ላይ ሌላ ክምር ይወርድባታል። እኛ እንዲያ ያለ በረዶ በዓይናችን አይተን ስለማናውቅ ጥጥ ነው፣ የለም ጨው ነው እያልን እንጨቃጨቃለን፤ እሱ ክምሩ ገና ሳይወርድ "መጣባት፣ መጣባት" እያለ ጉልበቱን እየመታ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። አሪየት በሩን ተደግፋ ቆማ ታየን ነበር። በማግስቱ ክፍል ሲገባ ያው የምናውቀው ቁጡ ሰው ነው፤ ከመካከላችን ምስጢሩን ያወጣበት ልጅ ግን አልነበረም።

ኦባንግ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ዴኩ የተበላሸው እሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው። ስነግረው ደንግጦ ሱቁ ጋ ደወለ። ሠራተኛው በቅን ልቦና፣ "መጨረሻው ላይ የማይሆን ነገር ገብቶበት ነበር፣ አጽድቼላችኋለሁ" አለው። ካሴቱም ሲገለበጥ ሪባኑ ተበጣጥሶ ተጥሏል። ልጁ ተስፋ ሳይቆርጥ ስልኩ ላይ ፍለጋ ገባ፤ ባርኔጣ ያላትም የሌላትም ዳክዬ ሞልቷል፣ የእኛዋ ግን የለችም። የካርቱኑን ስም ደግሞ ማናችንም አናውቀውም። ጥፋቱ የእሱ ይመስል ላብ በላብ ሆነ።

አሪየት ስልኩን ቀስ ብላ ከእጁ ወሰደችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ጌታ ይባርክህ ልጄ፣ ሙሽራውን አምጥተህልኛል" አለችው። "አባትህ ግን ከዳክዬዋ ጋር ነበር የሚመጣው።"

እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያዘንኩት ለካርቱኑ ነበር።