ውርጭ ቆላ የወረደ ዕለት

ዛሬ ጠዋት ከጓሮዬ አንድ የቲማቲም ቅጠል ቆርጬ በመዳፌ ይዤ ቀረሁ። ጠቁሯል። ሲነኩት እንደ ተቀቀለ ጎመን ይሟሽሻል፤ ሽታውም ያው የተቀቀለ ጎመን ነው። ይህን ሽታ ከጓሮ ከዚህ በፊት ያሸተትኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቅጠሉን እንደያዝኩ እዚያው የመስኖው ቦይ ዳር ቁጭ አልኩ።

ቤታችን ከሸዋሮቢት ወደ ደጋው በኩል ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ወንዙ የሚያልፍበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው። እዚሁ ተወለድኩ፣ እዚሁ ወለድኩ። ብርድ የሚባለውን በወሬ ነበር የምናውቀው። ትልልቆቹ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ሲሉ እኛ ልጆች እንስቅ ነበር፤ እኛ ጋ በጥቅምት ላብ እንጂ ምን ብርድ አለ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን ወርውረን፣ እግራችንን ቦዩ ውስጥ ነክረን፣ የወደቀ ዘይቱና እያነሳን እንበላ ነበር።

እማዬና እትዬ ዘሀራ ጓሮ ለጓሮ ነበሩ። በመካከላቸው የቅንጭብ አጥር አለ፤ ውሃው ግን አንድ ቦይ ነው፣ ተራ በተራ ያጠጣሉ። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በዚያ የኅዳር መግቢያ ሰሞን ውሃው አንሶ ነበርና፣ እማዬ ተራዬን ወሰደች ብለው እትዬ ዘሀራ ተጣሏት። እኔ ቦዩ ዳር ሰኞ ማክሰኞ እየዘለልኩ ሁሉንም ሰማሁ።

«አንቺ አስካለ፣ በውሃዬ ያበቀልሽውን እሳት ይብላልሽ» አሉ እትዬ ዘሀራ።

«የርስዎን ያስቀድመው» አለች እማዬ። ተጣልታም ቢሆን አንቱታውን አትተውም ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ለሽንት ስወጣ ጓሮው ነጭ ነው። ቃሪያው፣ ቲማቲሙ፣ ሣሩ ሳይቀር አንድ ነገር ተበትኖበታል። እኔ ነጭ ሆኖ የሚበተን የማውቀው ጨው ብቻ ነው። ሮጬ ገባሁና «እማዬ፣ ጓሮው ላይ ጨው ተበትኗል» አልኳት። ነጠላዋን ፈልጋ እስክታገኝ ፀሐይ ወጣች። ብንደርስ ነጩ የለም፤ ቅጠሉ ሁሉ ጠቁሮ፣ ዝልፍልፍ ብሎ አንገቱን ደፍቷል። የዓመት ልብሳችን፣ የኔ ደብተር፣ የቤቱ ዘይት ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ጓሮ ነበር።

እማዬ አልጮኸችም። ያስደነገጠኝም እሱ ነው። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ሄዳ ከበሩ ጀርባ የአባዬን ዱላ አነሳች። አባዬ ማሽላ ሲጠብቅ ማሳው ላይ ነበር ያደረው። እኔ ቤቱ ጥላ ሥር ካልቀለጠው ነጭ በጣቴ ነካ አድርጌ ቀመስኩና፣ «እማዬ፣ ጨው ጨው አይልም፣ ይቀዘቅዛል ብቻ» እያልኩ ከኋላ ከኋላዋ እሮጣለሁ፤ ማን ይስማኝ።

አጥሩ መሹለኪያ ላይ ስንደርስ እትዬ ዘሀራ ከወዲያ ሲመጡ ተገናኘን። ሻሻቸው ተንሸራቷል፣ ዓይናቸው ቀልቷል። ዱላውን አዩት፤ አልሸሹም። መጥተው እማዬ እግር ሥር ቁጭ አሉ።

«ምቺኝ አስካለ» አሉ። «እኔ ነኝ። አፌ ነው። እሳት ይብላልሽ አልኩሽ፣ አላህ ሰማኝ። የኔንም አብሮ በላው።»

እማዬ ባጥሩ ላይ አሻግራ አየች። የእትዬ ዘሀራ ጓሮ ከኛ ብሶ ከሰል መስሏል። ዱላው ከእጇ ወደቀ።

«ኧረ ይነሱ እትዬ። እኔስ የርስዎን ያስቀድመው ብዬ የለ? የሁለታችንም አፍ ነው።»

ሁለት ትልልቅ ሴቶች ተቃቅፈው ሲንቀጠቀጡ አየሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ጠዋት ግን አልደነገጥኩም። እትዬ ዘሀራ ጨው በትነው ቢሆን ኖሮ እማዬ ትመታቸውና ነገሩ ያበቃ ነበር። አሁን ማን ይመታል?

ረፋዱ ላይ ገብስ ጭኖ ወደ ገበያ የሚወርድ ደገኛ በደጃችን ሲያልፍ ጓሮውን አይቶ አህያውን አቆመ። «ይሄማ ውርጭ ነው። እኛ ጋ በየዓመቱ ባቄላውን ይበላዋል። እዚህ ድረስ መውረዱን እንጃ፣ መንገድ ጠፍቶት ይሆናል» አለና፣ ጭስ ያባርረዋልና ሲመሽ አጭሱበት ብሎን ሄደ። ለኅዳር ሚካኤል እንዲቃጠል የተከመረውን ቆሻሻ እማዬ በዚያው ማታ አጥሩ ሥር ለኮሰችው። እትዬ ዘሀራ የማሽላ አገዳና የደረቀ የሙዝ ቅጠል ተሸክመው መጡ። ማታ ማታ እንዲሁ ሲያጨሱ ከረሙ፤ የአባዬ ዱላም እሳት መቆስቆሻ ሆኖ ተቃጥሎ አለቀ። ውርጩ ያልደረሰበት፣ ከዘይቱናው ዛፍ ሥር የነበረው ጥቂት ቃሪያ ተረፈልን። ጭሱ ፀጉሬ ላይ እየቀረ ትምህርት ቤት «ጥብሷ» ይሉኝ ነበር።

እማዬም እትዬ ዘሀራም አርፈዋል። አጥሩም ቦዩም እንዳሉ ናቸው፤ ወዲያ ማዶ ያለው አሁን የእትዬ ዘሀራ የልጅ ልጅ ሰይድ ነው። ትናንት ከልጄ ከሀብታሙ ጋር በውሃ ሞተሩ ተራ ሲሰዳደቡ ዋሉ። እና ዛሬ ጠዋት ቅጠሉን ይዤ ቁጭ ባልኩበት ሀብታሙ መጣ። ጓሮውን አየና፣ «ፀረ አረም ረጭተውብን ነው» አለ።

«ውርጭ ነው ልጄ።»

«ቆላ ላይ ምን ውርጭ አለ? አንቺ ደግሞ።» ከበሩ ጀርባ የሚያስቀምጠውን ዱላውን ሊያነሳ ወደ ቤት ገባ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ቀድሜው አጥሩ ጋ ደረስኩ። ሰይድ ከወዲያ ቆሟል። ባንድ እጁ የጠቆረ ቅጠል ይዟል፤ ሌላው እጁ ከጀርባው ነው። «ምንድን ነው የረጫችሁብን?» አለኝ። እትዬ እንኳ አላለኝም።

አፌ በራሱ ተናገረ።

«እኔ ነኝ ሰይዴ። አፌ ነው። ትናንት ስትሰዳደቡ እቤት ሆኜ ረግሜህ ነበር። የኔንም አብሮ በላው።»

በእጁ የያዘውን ቅጠል አገላብጦ አየ። ከኋላዬ የሀብታሙ ኮቴ ቆመ።

«ይሄን አያቴ ነበሩ የሚያወሩት» አለ ሰይድ በመጨረሻ፣ ድምፁ ወርዶ። «ውርጭ ነው እንዴ፣ እትዬ?»

«ውርጭ ነው። የማሽላ አገዳ አለህ?»

አመሻሹ ላይ አገዳውን አምጥቶ አጥሩ ሥር አራገፈ። ከሀብታሙ ጋር ግን ቀና ብለው አልተያዩም። ያኔ እማዬና እትዬ ዘሀራ በዚያው ቀን ካንድ ቁና ቆሎ ሲዘግኑ ነበር ያመሹት። ይህን ስጽፍ ጭሱ በመስኮት እየገባ ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ ሽታው ያው የልጅነቴ ሽታ ነው። እሳቱ መቆስቆሻ ይፈልጋል። የሀብታሙ ዱላ ተመልሶ ከበሩ ጀርባ ቆሟል፤ ይዞት ወደ እሳቱ እስኪወጣ እየጠበቅኩ ነው።