ጨው የተከለከለው ልቤ

የባለቤቴ እህት ዘነበች የበደለችኝ በደርግ ጊዜ፣ አዳማ በገባን በሁለተኛው ክረምት ነው። ስሟን የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው።

መጀመሪያ የጀመረኝ ትንፋሽ ማጠር ነው። ከቦኖ ውሃ ይዤ ስመለስ መንገድ ላይ ባልዲውን አስቀምጬ እቆም ነበር። ቀጥሎ እግሬ አበጠ። ዘነበች ጎረቤት ፊት ጉንጬን ቆንጥጣ፣ «እሰይ! አገሩ ተስማማሽ፤ ወፈርሽ!» አለች። እኔም አመንኳት።

ከዚያ ተኝቼ መተንፈስ አቃተኝ። ሳልኩ። አክታዬ ደም ነበረው። ባለቤቴ ታደሰ ጋሪ ጠርቶ ሆስፒታል ወሰደኝ።

ሐኪሙ ደረቴን ደጋግሞ አዳመጠ።

«ልብ አራት ክፍል አለው፣ እህቴ፤ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት» አለኝ። «ቀኙ ከሰውነት የተመለሰውን ደም ወደ ሳንባ ይገፋል። ግራው ከሳንባ አየር ይዞ የመጣውን ለመላ ሰውነት ይረጫል። ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ቫልቭ የሚባሉ በሮች አሉ። ያንቺ ሚትራል ቫልቭ፣ የግራው በር፣ ጠቧል። ሩማቲክ ነው፤ ከልጅነት የጉሮሮ ሕመም የመጣ። የቆቃን ግድብ አይተሻል? መውጫው ሲጠብ ውሃው ወደ ኋላ ይተኛል። ደሙም መጀመሪያ ሳንባሽ ላይ ተኛ፤ ቀጥሎ እግርሽ አበጠ። ውፍረት አይደለም፤ ውሃ ነው።»

ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ ላሲክስ የሚባል ኪኒንና በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ አዘዘልኝ። ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራል ብሎ ጨው ከለከለኝ።

ቤት ገባሁ። ወጥ የምትሠራው አብራን የምትኖረው ዘነበች ነበረች፤ ጨው እንደተከለከልኩ ነግረናታል። እንደገና አበጥኩ። ትንፋሼ ተቆረጠ። ታደሰ ከሳህኔ ቀመሰ።

«ዘነቡ፣ ይሄ ጨው አለው እንዴ?»

«ቆንጠር ነው ያደረግሁት! ጨው የሌለው ወጥ ለእስረኛ እንኳ አይላክም። የወንድሟን ሚስት በረሃብ ገደለች ልባል?»

ከጎረቤት ሐሜት የእኔ መሞት ቀለላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታደሰ ከሥራ ሲመለስ ኮቱን አውልቆ ራሱ ሽንኩርት ይከትፍ ጀመር፤ ወጡን ያለ ጨው ሠርቶ፣ ሎሚ ጨምቆበት ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን እየበላ፣ ፊቱን ላለማጨማደድ እየታገለ፣ «እውነቴን ነው፣ ይጣፍጣል» እያለ ይዋሸኝ ነበር። እብጠቴ ቀስ በቀስ ጎደለ፤ አመሻሽ ላይ ክንዱን ይዤ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሳልቆም መሄድ የቻልኩ ዕለት፣ ሰው ያየናል ሳይል ግንባሬን ሳመኝ።

ሐኪሙንና ታደሰን አመሰግናለሁ። እንደኔ የታመማችሁ፣ ያበጠ እግራችሁን በጣት ተጫኑት፤ ከጎደጎደ ሐኪም ጋ ሂዱ። ተሻለኝ ብላችሁ መርፌውን አትተዉ።

ዘነበችን ግን ታደሰ ጨዉን በቀመሰበት በዚያው ሳምንት ሻንጣዋን አስይዤ ሻሸመኔ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳት። ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልገባችም።