ወንበር ላይ መቆየት ያቃተው ሞዴል

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት... ኤስ-ባኑ፣ የከተማው ባቡር፣ መንገድ ላይ ቆሞብኝ የሥዕል ኩርሴ ላይ ሃያ ደቂቃ ዘግይቼ ደረስኩ።

ኩርሱ ኦስትኤንድ የሚባል ሰፈር ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ከእኔ ጋር ስምንት ነን። አንዷ የጥርስ ሐኪም፣ አንዱ ጡረታ የወጣ የትራም ሾፌር፣ እኔ ደግሞ ሳምንቱን ኤርፖርት ሻንጣ ስጭን የምውል ፀጉሬ የሸበተ ሰው። ሰው መሣል ከጀመርኩ አራት ወሬ ነው። ፊት ምንም አይልም። ችግሬ እግር ነው... የምሥላቸው ሰዎች ሁሉ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ይመስላሉ። አስተማሪያችን ፍራው ቤከር አጠገቤ ስትደርስ ያላት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። «ክብደቱ የት አለ? የትኛው እግሩ ላይ ነው የቆመው?»

በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ሁሉም በየሥዕል ማቆሚያቸው ፊት ቆመዋል። መሐል ላይ ከፍ ባለች የጣውላ መድረክ ላይ ወንበር ተቀምጧል፤ ወንበሩ ላይ ያለው ሞዴል የእኛ አገር ልጅ ነው። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ቢሆነው ነው። (አትደንግጡ፤ በዚህ ኩርስ ሞዴሉ ልብሱን እንደለበሰ ነው የሚሣለው።)

አየኝ። ሽበቴን አየ።

ብድግ አለ። «ኖር ጋሼ!»

ሰባት ጀርመኖች በአንድ አፍ «ናይን!» (አይሆንም!) አሉ።

ሞዴል ከተነቃነቀ የሃያ ደቂቃ ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። እኔ «በእግዜር» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አፈርኩና እንደማላውቀው ሰው አልፌው ወደ ቦታዬ ሄድኩ። ይህን ስጽፍ ራሱ ደስ አይለኝም።

ፍራው ቤከር ጫማው የነበረበትን ቦታ በጠመኔ ከባው ስለነበር መልሳ አስቀመጠችው። እኔ ግን እንደ ሌሎቹ መቆም አለብኝ። ክንዴን ዘርግቼ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በእርሳስ ልለካው ስል ከወንበሩ ትንሽ ከፍ ይላል። እርሳሱን ሳወርድ ይቀመጣል። እንደገና ስዘረጋ እንደገና ከፍ...

«ጋሼ» አለኝ በጥርሱ መሐል፤ «እርስዎ ቆመው እኔ ልቀመጥ?»

«ሥራ ላይ ነህ። ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

«እሺ።»

ሁለት ደቂቃ አልቆየም። ወንበሩን በእጁ አንጠልጥሎ ወደ እኔ መጣ። «ኧረ አይሆንልኝም፤ ይቀመጡ በሞቴ!»

የትራም ሾፌሩ የሚሥልበትን ከሰል ወረወረ። ፍራው ቤከር ክፉ ሰው አይደለችም። ድምፅዋን ሳታነሳ እረፍት ወጣን አለችና ወደ እኔ ዞረች። «ንገረው። ደግሞ አንድ ጊዜ ከተነሳ ለሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው እጠራለሁ።»

ኮሪደር ላይ ነገርኩት። ስሙ ይበልጣል ነው። ዚንድሊንገን የሚባል ሰፈር ከሌሎች ልጆች ጋር አንድ ክፍል ይጋራል። የሥራ ፈቃዱን ያገኘው ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ነው።

«የመጀመሪያ ሥራዬ ነው» አለኝ። «እሱም ደግሞ ቁጭ ማለት! ጓደኞቼ ምን እንደሚሉ ያስቡት... ቁጭ ማለት አቅቶት ተባረረ።» ለመሳቅ ሞከረ።

«ለሐኪሟ አልተነሳህም። እሷ እኮ ከእኔ ትበልጣለች።»

«እሷማ ፈረንጅ ናት፤ አትቀየመኝም።» መሬት መሬት አየ። «አባቴ ምሳ ሲበላ የእጅ ውሃ ይዤ የምቆመው እኔ ነበርኩ። ተቀመጥ ሳይለኝ አንድ ቀን ተቀምጬ አላውቅም። እግሬ ራሱ ነው የሚነሳው ጋሼ፤ እኔ አይደለሁም።»

ይኼኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ተመልሼ ፍራው ቤከርን «እሱ ይቁም፤ እኔ ልቀመጥ» አልኳት።

«ቆሞ አርባ ደቂቃ? ልምድ ያላቸውም አይችሉትም።»

«ሞክሪው።»

ወንበሩን ወስጄ ተቀመጥኩ፤ ወረቀቴን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ይበልጣል ጣውላው ላይ ወጣ። ማንም ምንም ሳይነግረው አንገቱን ሰበር አደረገ። አንዱን መዳፍ በሌላው ላይ ደርቦ ሆዱ ላይ ያዘ። ክብደቱን ግራ እግሩ ላይ ጣለና... በቃ፣ እንደ ተተከለ ቀረ። መሐል ላይ አንዲት ዝንብ ግንባሩ ላይ አርፋ፣ ተንሸራሽራ፣ በራሷ ጊዜ ሄደች።

አርባ ደቂቃ ሙሉ የከሰል ድምፅ ብቻ ነበር። የትራም ሾፌሩ ሁለት ወረቀት ጨረሰ።

እኔም በአራት ወሬ እግር ሣልኩ። ያን አቋቋም አውቀዋለኋ! ልጅ ሆኜ ቆሜዋለሁ። የቀኙ ጉልበት መቼ እንደሚላላ፣ የግራው ተረከዝ የት ላይ እንደሚያቃጥል... መለካት አላስፈለገኝም።

ፍራው ቤከር ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ክብደቱ የት አለ አላለችም።

«እንዲህ መቆም የት ነው የተማረው?»

«ቤቱ» አልኳት።

የሚቀጥለው ቅዳሜ መዝገብ ላይ ስሙን ጻፈች። ይበልጣል ከጣውላው ሲወርድ መጀመሪያ የፈለገው እኔን ነበር፤ አንድ እግሩ ደንዝዞ እየጎተተው መጣና «አልተነሳሁም እኮ!» አለኝ።

ትናንት ታዲያ... ሃያ ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። ወንበር መርጬ ተቀመጥኩ። ሰባቱም ገቡ። በመጨረሻ ይበልጣል በሩን ሲከፍት ብድግ አልኩና፣ ሁሉም እየሰሙ፣ ጮክ ብዬ፣

«ኖር!» አልኩት።

ልጁ በሩን ይዞ ቀረ። «ኧረ ጋሼ! ኧረ ምን ነካዎት!»

«የዛሬ ሳምንት ያልመለስኩልህ ነው» አልኩት። «በል አሁን፣ በእግዜር በለኝና ልቀመጥ።»

ፍራው ቤከር ሰዓቷን አየች። «ዛሬ ደግሞ ሠዓሊው ነው የሚነሳው?»

ስሥለው እጆቹን አሁንም አበላሻቸዋለሁ። እግሮቹ ግን ቆመዋል።