ያቃጠልኩት የጫላ ወረቀት

ባለፈው እሁድ ምሳ እየሠራሁ ትንሿ ልጄ ሲፈን ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ወንድሟን ተጣራች። «ጫላ፣ ጃቫን ጫንኩት፤ ስጠራው ግን ኮምፒውተሩ አላውቀውም ይለኛል። ፓዙን፣ ያለበትን አድራሻ፣ እንዴት ነው የማስገባው?» ጫላ ጫማውን አጥልቆ ወደ ግቢ ወጣ። «ምን አደረግኩት?» አለችኝ። እኔም ወጤን ማማሰል ቀጠልኩ። ያ ነገር ሲሆን ሕፃን ነበረች፣ አታውቅም።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሳበት ጊዜ ነው። የምንኖረው እዚሁ ሰበታ፣ በዚሁ ቤት ነበር። ታኅሣሥ ነው፤ ጤፍ ተወቅቶ ነፋሱ እብቁን ዓይናችን ውስጥ ይጨምረዋል፤ አስፋልቱ ላይ ደግሞ ሰልፈኛው ያቀጣጠለው ጎማ ይነድዳል። ዛሬም እብቅ ሲሸተኝ ጎማው አብሮ ይሸተኛል። ጫላ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ቤት መጥቷል፤ ሲከፈት የሚያስረክበው ሥራ አለው። ጃቫ የሚሉትን ፕሮግራም በፍላሽ አምጥቶ ጫነው። ኮምፒውተሩ ግን ያለበትን ቦታ ካልነገሩት አያገኘውም አለኝ።

«እንዴ፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን?» ብዬ ሳቅኩበት።

«አንቺስ ጉያሽ የከተትሽውን ቁልፍ ፍለጋ ቤቱን ታተራምሺ የለ?»

ኢንተርኔት ተቋርጧል። አነጋገሩን፣ እንዴት እንደሚነገረው ማለቴ ነው፣ የቡራዩው ጓደኛው ሀብታሙ ሲለያዩ በወረቀት ጽፎለት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ በአጥር ብቅ አሉ። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ አዴ ብርቄ? ፖሊሶች ቤት ለቤት ሊፈትሹ ነው አሉ። የልጅሽ ወረቀት ካለ አጥፊ። የማዶውን ልጅ ያስወሰደችው አንዲት ወረቀት ናት።»

ጫላ ውኃ ሊቀዳ ወጥቷል። ክፍሉ ገባሁ። እኔ እስከ ሦስተኛ ክፍል በአማርኛ ፊደል ነው የተማርኩት። ኦሮምኛ ከእናቴ ጀርባ ሳልወርድ ነው ያወቅኩት፤ የሚጻፈው ግን በፈረንጅ ፊደል ስለሆነ የቱ ኦሮምኛ፣ የቱ እንግሊዝኛ እንደሆነ አልለይም። ደብተሩ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በቁጥር ይወርዳል፤ ቀስት አለው፤ ከሥር በትልልቁ ተጽፎ ሁለቴ የተሰመረበት ነገር አለ። የሰልፍ ጥሪ መሰለኝ። እስኪመለስ ቆይቼ ብጠይቀው ምን ነበረበት? ንፍሮ የጣድኩበት ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ሊፈትሽ የመጣ ሰው የለም።

ጫላ ፍራሹን ገለበጠ፣ አልጋ ሥር ገባ። «እማዬ፣ ወረቀት አላየሽም?»

«የምን ወረቀት?»

«በቃ ሀብታሙ ጋ ደርሼ ልምጣ። ስልኩም አይሠራም።»

«ቡራዩ? ዛሬ? አብደሃል!»

«በአየር ጤና በኩል ሰው እየሄደ ነው። ገልብጬ መመለስ ነው፣ እንዳንቺ ወሬ አልጀምርም።»

እጅጌውን ያዝኩት። ያኔ እውነቱን ብናገር ይቆጣ ነበር፤ ተቆጥቶ፣ አኩርፎ፣ ምናልባት ይተኛ ነበር። አልተናገርኩም። ለመንገድ ጩኮ ጠቅልዬ ኪሱ ከተትኩለት።

ቡራዩ ሲደርስ ፖሊሶች ታክሲው ውስጥ የነበሩትን ወጣቶች ሁሉ አወረዷቸው፣ ወሰዷቸው። ስንቅ ይዤ በየጣቢያው ዞርኩ፤ «እዚህ የለም» ይሉኛል። በአርባ ቀኑ በእግሩ መጣ። የአንገቱ አጥንት ወጥቷል። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ መቀመጥ አይችልም። ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፤ እሱ አልተመለሰም። ዛሬ ገላን ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ይጭናል፣ ያወርዳል።

በኋላ ሀብታሙ ሊጠይቀው ሲመጣ ለብቻው አግኝቼ፣ ያ ወረቀት ምን ይል ነበር አልኩት። «አምስት መስመር ናት እኮ፣ እማማ። ጃቫ ያለበትን ፎልደር አድራሻ ቀድተህ ከነበረው ጽሑፍ ጫፍ ላይ ቀጥል ነው የምትለው። የነበረውን እንዳትሰርዝ ብዬ ሁለቴ አስምሬበታለሁ።»

እሁድ ዕለት ጫላ ከግቢው ተመልሶ እህቱ አጠገብ ተቀመጠ። ዓመቱን ሙሉ የሠራበት ይመስል እዚህ ግቢ፣ እዚህ ቅጂ፣ አሁን ዝጊውና እንደገና ክፈቺው አላት። ሠራላት። እልል አለች።

«አሁን በወረቀት ጻፊው» አላት። «ደግሞ እንደ እኔ ዝርክርክ ሆነሽ እንዳትጥዪው።»

እንጀራ አቀረብኩለት። «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ያኔ የምፈራው በር የሚመቱትን ነበር። አሁን የምፈራው ከፊቴ ቁጭ ብሎ የሚጎርሰውን ልጄን ነው።