ጳጉሜን ሦስት የተወለደችው ልጄ

ከመንዝ፣ ከሞላሌ የወጣሁት ጎሕ ሳይቀድ፣ ልጄ ትዕግሥት እንቅልፍ ላይ ሳለች ግንባሯን ስሜ ነው። እናቷ ሞታለች፤ የተውኳት ለእኅቴ ለአስካለ ነው። አስካለ ባናዋን ተከናንባ እስከ አውቶቡሱ ሸኘችኝ። «ሂድ እንግዲህ፣ ስለ ልጅቱ አታስብ» አለችኝ። ትዕግሥት ያን ጊዜ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር።

ስለ በረሃውና ስለ ባሕሩ ብዙ ሰው ተናግሯል፤ እኔ ልለፈው። ኖርዌይ ገባሁ። የመንዝ ሰው ብርድ አይፈራም፤ ግን የእኛ ብርድ ረፋድ ላይ ይለቃል፣ የእነሱ ወራት ይከርማል። አይባቸው እንኳ ቡናማ ነው፣ ይጣፍጣል፤ አይብ ሲጣፍጥ የት አይተን!

የመኖሪያ ፈቃድ እንዳገኘሁ ልጄን ለማስመጣት አንድ የእርዳታ ማኅበር ሄድኩ። ቅጹን በኮምፒውተር የምትሞላው ኢንግሪድ የምትባል ሴት ነበረች፤ አስተርጓሚ መሐላችን ተቀመጠ።

«ልጅህ መቼ ተወለደች?»

«ጳጉሜን ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት።»

አስተርጓሚው «አሥራ ሦስተኛው ወር፣ ሦስተኛው ቀን» ብሎ ነገራት።

«ዓመት እኮ አሥራ ሁለት ወር ነው» አለች።

«እኛ ዘንድ አሥራ ሦስት ነው።»

ሳቀችና እንዳልኳት ጻፈችው። ማሽኑ ዝም አለ። «አየህ፣ ተቀበለው!» አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ፈረምኩ።

ማሽኑ የሠራውን ያወቅነው ከወራት በኋላ፣ የእምቢታው ደብዳቤ ሲመጣ ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ቢያጣ ማንንም ሳይጠይቅ ቀኑን ወር፣ ወሩን ቀን አድርጎ በፈረንጅ ሦስተኛ ወር፣ ማርች አሥራ ሦስት ብሎታል። ዓመተ ምሕረቱንም እንደ ፈረንጅ ቆጥሮታል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ሃያ አምስት ሞልቷት ቁጭ አለች! «ልጅዎ አዋቂ ስለሆነች አልተፈቀደም» ይላል።

ኢንግሪድ አንብባ ፊቷ ቀላ። «ጥፋቱ የማሽኑ ብቻ አይደለም፤ እኔም መልሼ አላየሁትም» አለች።

ትዕግሥትን በሰማንያ ቀኗ ያጠመቋት ቄስ፣ አባ ወልዴ፣ በሕይወት ነበሩ። ደወልኩላቸው።

«አባ፣ የልደቷን ቀን የሚመሰክር ወረቀት ይጻፉልኝ፤ ማሽኑ ጳጉሜንን አላውቅም አለ።»

«ማሽን ስላላወቃት ጳጉሜን ትቀራለች እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ጽፈው፣ ማኅተም አስመትተው ላኩልኝ። ይግባኝ አልን።

መልሱ እስኪመጣ ቋንቋና ኮምፒውተር ተማርኩ፤ ማኅበሩም መዝጋቢ አድርጎ ቀጠረኝ። ከኢንግሪድ ጋር ቅጹን አስለወጥነው። አሁን መጀመሪያ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጠይቃል። ወሩ በቁጥር አይጻፍም፤ በስሙ ተመርጦ ነው፣ ጳጉሜንም አለችበት። የማይሆን ቀን ሲገባ በራሱ ግምት አያስተካክልም፣ ይከለክላል። ከመመዝገቡ በፊት ደግሞ ዕድሜውን አስልቶ «ልክ ነው?» ይላል። ይህን ሙጭጭ ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቀን የሚረሳ ወላጅ አለ፤ የልጁን ዕድሜ የሚረሳ ግን የለም።

በዚያው ሰሞን አንዲት የጎጃም እናት ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። አቆጣጠሩን ስንመርጥ ተሳስተን ኖሯል።

«ልጅዎ ዛሬ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ልክ ነው?» ብዬ አነበብኩላት።

«በስመ አብ! ይኸው ጡት ይጠባል እኮ!»

ሳቅንና አረምነው።

የእኔም ይግባኝ ተሳካ። ወዲያው ደወልኩ። «ትዕግሥት፣ ተፈቀደልሽ!»

«አባዬ፣ የእቴቴ አስካለ ዓይን ደክሟል። በማን እጅ ልጣላት?» አለችኝ።

«እኔስ?» ልል አፌ ላይ መጣና ዋጥኩት።

«እስቲ ትንሽ ላስብበት» አለች። ድምፅዋ የልጅ አልነበረም።

ፈቃዱ የሚያገለግለው እስከ ሰኔ ነው። እሑድ እሑድ እደውላለሁ። ስለ ገብሱ፣ ስለ በጎቹ ታጫውተኛለች፤ ያቺን ነገር ግን እሷም አታነሳት፣ እኔም አላነሳት።